የቤቱን ስክሪኖች ለልጅ መቆለፍ፦ ከሪሲቨር እስከ ስልክ

ብዙ ወላጅ ለልጁ ስልክ አንድ መቆጣጠሪያ አፕ ይጭንና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ልጁ ግን የማይሆን ነገር የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ በዚያ ስልክ አይደለም። ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን፣ ከእናቱ በተዋሰው ስልክ፣ መሳቢያ ውስጥ በተረሳ አሮጌ ቀፎ ወይም ትልልቅ ልጆች በላኩለት ፋይል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሄደው ይዘቱ ወደ ቤት የሚገባባቸውን መንገዶች ተከትለን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የት ላይ እንደሚያፈስም አብረን እንናገራለን፤ ቀዳዳው ያልታወቀ ቁልፍ ወላጁን ከማዘናጋት በቀር ጥቅም የለውም። የሜኑ ስሞችን እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል፤ ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ይለያያሉ።

ጊዜ ካጠረዎት መጀመሪያ ዩቲዩብን፣ ቀጥሎ ልጁ የሚዋሰውን ስልክ፣ ከዚያ ዋይፋዩን ይያዙ። ሌላው ይደርሳል።

መጀመሪያ ቆጠራ

ወረቀት ይያዙና ቤት ውስጥ ያለውን ስክሪን ሁሉ ይጻፉ፦ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ የጌም መጫወቻ፣ የእያንዳንዱ አዋቂ ስልክ። ሲም የሌለው አሮጌ ስልክም ይቆጠራል፤ ዋይፋይ እስካገኘ ድረስ ከአዲሱ አያንስም። በየስሙ ጎን ሦስት ነገር ይመዝግቡ። የማን አካውንት ተከፍቶበታል? ያለ ሚስጥር ቁጥር ይከፈታል? ይዘቱ የሚመጣው በዲሽ ነው፣ በዋይፋይ፣ በሞባይል ዳታ ወይስ በፍላሽ?

ከዚያ የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ። ስልክዎን የሚከፍቱበትና መቆጣጠሪያውን የሚከፍቱበት ቁጥር አንድ መሆን የለበትም፤ የመጀመሪያውን ልጆች ወዲያው ያውቁታል። የልደት ዓመት፣ 1234 እና የስልክ ቁጥርዎ የመጨረሻ አራት አሃዞች ይቅሩ። ሪሞት ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ኮከብ ብቻ ቢያሳይም፣ አውራ ጣትዎ የት የት እንደሄደ ከጎንዎ ለተቀመጠ ልጅ ይታየዋል፤ በሌላው እጅ ሸፈን ያድርጉት። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። «ፒን ረሳሁ» ሲባል የማደሻው መልእክት የሚሄደው ወዴት ነው? ልጁ በሚከፍተው ስልክ ላይ ወዳለ ኢሜይል ከሆነ የቀረው ቁልፍ ሁሉ ከንቱ ነው።

የዲሽ ሪሲቨር

እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

1. ሜኑ ይክፈቱና በ«ሲስተም» ወይም በ«ሴቲንግ» ሥር «ፓረንታል ሎክ» ወይም «ፓረንታል ኮንትሮል» የሚለውን ይፈልጉ። ቁጥር ይጠይቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ 0000 ወይም 1234 ነው፤ ካልሆነ ከሪሲቨሩ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ ይገኛል።
2. ሌላ ነገር ሳይነኩ ይህን ቁጥር ይቀይሩ።
3. «ሜኑ ሎክ» የሚለውን ያብሩ፤ አንዳንዱ ላይ «ኢንስታሌሽን ሎክ» ይባላል።
4. «ቻናል ሎክ» ያብሩና ወደ «ቻናል ኤዲት» ገብተው የማይሆኑትን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ይቆልፉ። ማንም የማይፈልጋቸውን ጭራሽ ይሰርዟቸው።
5. ለልጆች የሚሆኑትን በ«ፌቨሪት» ዝርዝር ለብቻ ያስቀምጡ። ልጁ ሪሞቱን ሲይዝ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይመላለሳል።
6. ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩና ቁጥር ሳያስገቡ የተቆለፈ ጣቢያ ለመክፈት ይሞክሩ።

ሜኑው ከቻናሉ በፊት የሚቆለፈው በምክንያት ነው። ቻናሉ ተቆልፎ ሜኑው ክፍት ከሆነ፣ ልጁ «አውቶ ሰርች» ወይም «ብላይንድ ስካን» ሲያስነሳ ያው ጣቢያ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ያለ ቁልፍ ብቅ ይላል። የተሰረዘውም በዚሁ መንገድ ይመለሳል። «ፋክተሪ ሪሴት» የሚገኘውም እዚያው ነው፤ እሱ ከተነካ ቁጥሩ ከፋብሪካ ወደወጣበት ይመለሳል። ስለዚህ የዲሽ ሠራተኛ መጥቶ ሳተላይት ባስተካከለ ወይም ሶፍትዌር በጫነ ቁጥር ሙሉውን እንደገና ይፈትሹ።

ሌላ የተለመደ ስህተት አለ። ማታ አዋቂው ቁጥሩን አስገብቶ አንድ ጣቢያ ይከፍታል። ብዙ ሪሲቨር አንዴ ከተከፈተለት እስኪጠፋ ድረስ ደግሞ አይጠይቅም። ቴሌቪዥኑ ብቻ ይጠፋና ሪሲቨሩ እንደበራ ያድራል፤ ጠዋት ቀድሞ የተነሳው ልጅ ክፍት ያገኘዋል። ከመተኛትዎ በፊት ሪሲቨሩን ራሱን ያጥፉት።

በዕድሜ የሚቆልፍ ምርጫም ይኖራል፤ ከ4 እስከ 18 ዓመት ቁጥር ይሰጥዎታል። ይህ የሚሠራው ጣቢያው ከፕሮግራሙ ጋር የዕድሜ ምልክት አብሮ ሲልክ ብቻ ነው። ምልክቱን የማይልክ ነፃ ጣቢያ ብዙ ነው፣ ሪሲቨሩም ምልክት የሌለውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ያብሩት፣ ግን አይመኩበት፤ ጣቢያውን ራሱን መቆለፍ ይሻላል። ሰዓትም ያታልላል። አንዳንድ ጣቢያ የአዋቂ ፊልም የሚያሳየው ልጆች በተኙበት ሰዓት ነው፣ ነገር ግን የሚቆጥረው በራሱ አገር ሰዓት ነው። በሳተላይት ከሩቅ የሚመጣ ጣቢያ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እርስዎ ጋ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚገቡበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያና የፊልም ቅንጭብ ደግሞ የትኛውንም ምልክት አይጠብቅም፤ ዜናም እንዲሁ።

ስማርት ቲቪ

ስማርት ቲቪ ትልቅ ስልክ ነው ብለው ይያዙት። ዋናው ችግር አካውንት ነው። ዩቲዩብ በአባትየው አካውንት ከተከፈተ፣ አባትየው ማታ በስልኩ ያየው ሁሉ ጠዋት ለልጁ «ይህንንም ይመልከቱ» ተብሎ ይቀርባል። ለልጁ ለብቻ የልጆች ፕሮፋይል ይክፈቱ።

ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ላይ የልጆች ፕሮፋይል መክፈት የሥራው ግማሽ ነው። የአዋቂው ፕሮፋይል አጠገቡ ያለ ቁልፍ ተቀምጦ ከሆነ ልጁ ሪሞቱን አንዴ ወደ ቀኝ መጫን ብቻ ይበቃዋል። ኔትፍሊክስ ላይ በአካውንቱ ሴቲንግ ገብተው በእያንዳንዱ አዋቂ ፕሮፋይል ላይ ባለ 4 አሃዝ «ፕሮፋይል ሎክ» ያድርጉ። የልጁን ፕሮፋይል የዕድሜ ደረጃ እዚያው ይወስኑ፤ አንድን ፊልም በስሙ ማገድም ይቻላል። በመጨረሻ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ የሚያስጀምረውን «ኦቶፕሌይ» ያጥፉ።

ቴሌቪዥኑ የራሱ ብሮውዘር ካለው ይቆልፉት ወይም ያስወግዱት፤ ማንም የማያስታውሰው በር እሱ ነው። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ማንኛውም ስልክ ቪዲዮ ወደ ስክሪኑ ሊልክ ስለሚችልም ሲልክ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያድርጉ። የፍላሽ መሰኪያውንና ኤችዲኤምአዩን «ኢንፑት ሎክ» የሚቆልፍ ቴሌቪዥን አለ፤ የእርስዎ ካለው ይጠቀሙበት።

በፊልምና በጌም ላይ ስለሚታዩ ምልክቶች ሁለት ነገር ይወቁ። «ፒጂ 13» ማለት ከ13 ዓመት በታች ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ ወላጅ በብርቱ ያስብበት የሚል ማሳሰቢያ ነው። ጌም ላይ የሚለጠፈው «ፔጊ» 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ደግሞ የሚለካው ይዘቱን እንጂ የጨዋታውን ክብደት አይደለም። በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው የማይታወቅ ሰው በማይክ የሚናገረውን ሁለቱም አይመዝኑትም። ስለዚህ በጌም መጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ቻቱንና ማይኩን ለብቻ ይዝጉ፣ ወይም ለሚያውቃቸው ጓደኞቹ ብቻ ይፍቀዱ።

ዋይፋዩን ማጣራት

ስልኩ አንድ ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን ቁጥር ዲኤንኤስ ከሚባል አገልግሎት ይጠይቃል፤ እንደ ስልክ ማውጫ ነው። የቤተሰብ ዲኤንኤስ የወሲብ ገጾችን ቁጥር ሲጠየቅ አይሰጥም፣ ገጹም አይከፈትም። ነፃ ነው፣ አንዴ ራውተሩ ላይ ከገባ በዚያ ዋይፋይ ለሚጠቀም ሁሉ ይሠራል።

ከሚታወቁት አንዱን ይምረጡ፦

- ክላውድፍሌር፦ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3
- ክሊንብራውዚንግ፦ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168
- ኦፕንዲኤንኤስ ፋሚሊሺልድ፦ 208.67.222.123 እና 208.67.220.123

የመጨረሻዋን አሃዝ አይሳሳቱ። የክላውድፍሌር 1.1.1.1 ምንም አያጣራም፣ 1.1.1.2 ቫይረስ ያለባቸውን ገጾች ብቻ ያግዳል፣ የቤተሰቡ 1.1.1.3 ነው።

ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ብሮውዘር ይክፈቱና የራውተሩን አድራሻ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ትክክለኛው ከነመግቢያ ስሙና ፓስወርዱ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የመግቢያውን ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ልጅም መለያውን ገልብጦ ማንበብ አያቅተውም። ቀጥሎ «ዲኤችሲፒ» ወይም «ላን» የሚለው ክፍል ውስጥ «ፕራይመሪ ዲኤንኤስ» እና «ሰከንደሪ ዲኤንኤስ» የሚሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች ያገኛሉ። የመረጡትን ጥንድ ያስገቡ፣ ሴቭ ያድርጉ፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ። በየስልኩ ላይም ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩት፤ አለዚያ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቆያል። የእርስዎ ራውተር ይህን ቦታ ካልፈቀደ ቁጥሩን በየመሣሪያው የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ባዶ ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ላይ ማጣሪያውን ያስገቡና ሁለተኛው ላይ «ለመጠባበቂያ» ብለው ምንም የማያጣራውን የጉግል 8.8.8.8 ይጽፋሉ። መሣሪያው ሁለተኛውን የሚጠይቀው አንደኛው ሲሞት ብቻ አይደለም፤ እንደመጣለት ከሁለቱም ይጠይቃል። ውጤቱ አንዳንዴ የሚዘጋ አንዳንዴ የሚከፈት ዋይፋይ ነው፣ ወላጁም «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ጥንዱ ከአንድ ቤት ይሁን።

ሁለተኛው ቀዳዳ አይፒቪ6 የሚባለው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት ነው። ራውተሩ በአዲሱ አድራሻ ጭምር የሚሠራ ከሆነ መሣሪያው በዚያ በኩል ዞሮ ያልተጣራ ዲኤንኤስ ያገኛል። ለክላውድፍሌር 2606:4700:4700::1113 እና 2606:4700:4700::1003 ያስገቡ፣ ወይም የማያስፈልግዎት ከሆነ አይፒቪ6ን ራሱን ያጥፉት።

ሦስተኛው ብሮውዘሩ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚባል ሴቲንግ አላቸው፤ እሱ በርቶ ሌላ አገልግሎት ከተመረጠበት ራውተሩን አልፎ ይሄዳል። ልጁ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ያጥፉት። አራተኛው ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያሳልፈው ቪፒኤን ነው፤ አንድ ነፃ የቪፒኤን አፕ ይህን ሁሉ ልፋት ባንድ ጊዜ ያፈርሰዋል። የእሱ መድኃኒት ራውተሩ ላይ የለም፤ አፕ ሲጫን ፈቃድ እንዲጠየቅ ማድረግ ነው።

የሞባይል ዳታ በራውተሩ አያልፍም። አንድሮይድ 9ና ከዚያ በላይ ላይ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል አለ። እዚህ ቁጥር አይቀበልም፣ ስም ነው የሚፈልገው። የክላውድፍሌሩ «ፋሚሊ» ነጥብ «ክላውድፍሌር» ሰረዝ «ዲኤንኤስ» ነጥብ «ኮም» ነው፤ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ በዋይፋይም በዳታም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከዲኤንኤስ አይጠብቁ። የሚያግደው ሙሉ ድረ ገጽን ነው፤ ገጹ ውስጥ ያለን አንድ ቪዲዮ ወይም አንድ ፎቶ አይለይም። ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም ከተከፈቱ በኋላ ውስጣቸው የሚታየው ለእሱ ጨለማ ነው።

የልጁ የራሱ ስልክ

አንድሮይድ ከሆነ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ ይበቃል። በእርስዎ ስልክ ላይ አፑን ይጫኑና ለልጁ አዲስ አካውንት በእውነተኛ የልደት ቀኑ ይክፈቱለት። «እንዳያስቸግር» ብሎ ዕድሜውን 18 ማድረግ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ከዚያ በኋላ አፑ ሁሉ እንደ አዋቂ ነው የሚያስተናግደው። የልጁን ስልክ ሪሴት አድርገው መጀመሪያ የሚያስገቡት አካውንት የእሱ ይሁን። ቀድሞ የነበረው የእርስዎ አካውንት ስልኩ ላይ ከቀረ፣ ፕሌይ ስቶር ውስጥ በእርስዎ ስም ይጭናል።

ከዚያ እነዚህን ያስተካክሉ፦

- አፕ ለመጫን ሁሌ የእርስዎ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ነፃ የሆኑትም ጭምር።
- ክሮም ላይ ሦስት ምርጫ አለ፦ ሁሉንም መፍቀድ፣ ልቅ ገጾችን ለማገድ መሞከር፣ የተፈቀዱ ገጾችን ብቻ። ማንበብ ለጀመረ ትንሽ ልጅ ሦስተኛውን ይምረጡና አሥር የሚሆኑ ገጾችን ይፍቀዱለት፤ በዚያ ዕድሜ ከዚያ የሚበልጥ አያስፈልገውም።
- ከክሮም ውጪ ያለ ብሮውዘርን ሁሉ ይዝጉ፤ ማጣሪያው እዚያ ውስጥ አይገባም።
- ከፕሌይ ስቶር ውጪ አፕ መጫንን ይከልክሉ። በብሉቱዝ ወይም በቴሌግራም የመጣ ፋይል ተጭኖ አፕ የሚሆነው በዚያ በር ነው።
- ቀድመው የተጫኑ አፖችን ዝርዝር አንድ በአንድ ይዩ፤ አዲስ ያወጡት ደንብ አሮጌውን ላይነካው ይችላል።

አይፎን ላይ በሴቲንግ ውስጥ «ስክሪን ታይም» ይግቡና የራሱ የሆነ፣ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ቁጥር ይስጡት። «ኮንተንት ኤንድ ፕራይቬሲ ሪስትሪክሽንስ» የሚለውን ያብሩ፣ «ዌብ ኮንተንት» ውስጥ «ሊሚት አደልት ዌብሳይትስ» ይምረጡ። ይህ ሲበራ የሳፋሪ ሚስጥራዊ መስኮትም አብሮ ይጠፋል፤ ጥሩ ትርፍ ነው። አፕ መጫንን እዚያው ይከልክሉ። ልጁ ሰዓት ገደቡን ለማምለጥ የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ ይመልስ ይሆናል፤ ሰዓቱ በራሱ የሚስተካከል መሆኑን ያረጋግጡ።

ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ነገሩ አጭር ነው። ልጁ የራሱ አካውንት ይኑረው፣ አካውንቱ አድሚኒስትሬተር አይሁን፣ ከማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ ጋር ይገናኝ። የገጽ ማጣሪያው የሚሠራው በኤጅ ብሮውዘር ነው።

የተዋሰው ስልክ

«አንድ ጊዜ ስልክህን ስጠኝ፣ ካርቱን ልይ።» ቤት ውስጥ በቀን ስንቴ እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ። የአዋቂ ስልክ አዋቂው ያየውን፣ የተላከለትንና በየግሩፑ የወረደውን ሁሉ ይዟል። መፍትሔው ስልኩን ሳይሆን አንዱን አፕ መስጠት ነው።

አንድሮይድ ላይ፦ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ገብተው «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» ያብሩ። እዚያው ሥር «ከመውጣቱ በፊት ፒን ይጠይቅ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ ልጁ ሁለት ቁልፍ አብሮ ተጭኖ ይወጣል። ከዚያ ካርቱኑን የሚያሳየውን አፕ ይክፈቱ፣ የተከፈቱ አፖች የሚታዩበትን ዝርዝር ያውጡ፣ የአፑን ምልክት ነካ አድርገው «ፒን» ይበሉ። ልጁ ከዚያ አፕ ሊወጣ አይችልም።

አይፎን ላይ፦ ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ «ጋይድድ አክሰስ» ያብሩና ቁጥር ይስጡት። አፑን ከፍተው የጎኑን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይጫኑ፤ በአሮጌው አይፎን የታችኛውን ክብ ቁልፍ ነው። እዚህ ትንሽ ይቆዩ፤ የሚጠቅሙት ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ሰርች የሚደረግበትን ቦታ በጣትዎ ከበው እንዳይነካ ማድረግ፣ ኪቦርዱን ማጥፋት፣ 20 ደቂቃ ሲሞላ በራሱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይችላሉ።

ዩቲዩብ

ለትንንሾቹ ዩቲዩብ ኪድስ ይሻላል። ሦስት የዕድሜ ክፍል አለው፦ 4 እና ከዚያ በታች፣ ከ5 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 12። አራተኛው ምርጫ «አፕሩቭ ኮንተንት ዩርሰልፍ» ነው፤ እርስዎ መርጠው የፈቀዱት ቻናልና ቪዲዮ ብቻ ይታያል፣ ሰርችም ይጠፋል። ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ የምንመክረው እሱን ነው። አሰልቺ ነው ብለው አይለፉት፤ 15 ያህል ቻናል ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ ያየውን ደጋግሞ ማየት ይወዳል።

የተመረጠ ዝርዝር የሚሻልበት ምክንያት አለው። በ2017 ብዙ ወላጆች በታወቁ የካርቱን ገጸ ባሕርያት ሽፋን የተሠሩ፣ ውስጣቸው ግን አስፈሪና ነውረኛ የሆኑ ቪዲዮዎችን አገኙ፤ አንዳንዶቹ በልጆች አፑ ውስጥ ጭምር ነበሩ። ማሽን የሚያየው ርዕሱን፣ ቀለሙንና ገጸ ባሕርዩን ነው፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያለውን ተንኮል ሊያሳልፍ ይችላል።

የወላጅ ክፍሉን ለመክፈት አፑ የማባዛት ጥያቄ ያቀርባል፣ ለምሳሌ 6 ሲባዛ በ7። የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይመልሰዋል። በራስዎ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ይተኩት።

ዋናውን ዩቲዩብ ለጀመረ ልጅ በወላጅ የሚታይ አካውንት ይክፈቱ። ደረጃዎቹ «ኤክስፕሎር» ለ9 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ «ኤክስፕሎር ሞር» ለ13ና ከዚያ በላይ፣ «ሞስት ኦፍ ዩቲዩብ» ደግሞ በዕድሜ ከታገዱት በቀር ሁሉንም የሚያሳይ ነው። የማይሆኑ ቪዲዮዎችን ለመደበቅ የሚሞክረው «ሪስትሪክትድ ሞድ» ብቻውን አይበቃም፤ በአንዱ መሣሪያ ቢያበሩት በሌላው ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል።

የማይሆን ቪዲዮ ሲመጣ ማሳለፍ ብቻ አይበቃም። ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው ቻናሉን ያግዱ፣ ከዚያ ወደ ሂስትሪ ገብተው ያንን ቪዲዮ ይሰርዙ። ሂስትሪው ውስጥ ከቀረ መሰሎቹን ሲጎትት ይከርማል። ኦቶፕሌይን ያጥፉ፤ አንድ ጥሩ ካርቱን ያለማንም ምርጫ ወዴት እንደሚወስድ ማወቅ ከፈለጉ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ይተውትና ይዩት።

ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ቲክቶክ

ሁለት ነገር ከተስተካከለ አብዛኛው ጣጣ ይቀንሳል፦ ማን ግሩፕ ውስጥ እንደሚያስገባና ፋይል በራሱ መውረዱ። ቴሌግራምም ዋትሳፕም በ«ፕራይቬሲ» ውስጥ «ግሩፕስ» አላቸው፤ «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉት። «ኦቶ ዳውንሎድ»ን ለፎቶም ለቪዲዮም ያጥፉ። አንድሮይድ ላይ ዋትሳፕ «ሚዲያ ቪዚቢሊቲ» ስላለው እሱንም ያጥፉ፤ ካልጠፋ በየግሩፑ የተላከ ፎቶ ሁሉ ከቤተሰቡ ፎቶ ጋር ጋለሪ ውስጥ ይቀመጣል። ልጅዎ በእርስዎ ስልክ የልደቱን ፎቶ ሲፈልግ የሚደናቀፍበት እሱ ነው።

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላለ አይፈቀድም። ከዚያ በላይ ላለው «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባለው የእርስዎንና የእሱን አካውንት ያገናኛል፤ ሰዓቱን፣ ሰርቹንና መልእክት ማን እንደሚልክለት ከራስዎ ስልክ ይወስናሉ።

ሙከራ

ልጁ ቤት በሌለበት ሰዓት በልጁ መሣሪያ፣ በልጁ አካውንት ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። የታወቀ የአዋቂ ገጽ ስም ይጻፉ፦ አንዴ በዋይፋይ፣ አንዴ በዳታ። ልጁ ሊጽፍ የሚችለውን ቃል ጉግል ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይፈልጉ፤ ማጣሪያዎች በእንግሊዝኛ የሚይዙትን በአማርኛ ሊስቱት ይችላሉ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛንማ ይበልጥ። ቪፒኤን ለመጫን ይሞክሩ። የሪሲቨሩን ሜኑ ይጫኑ። ያለፈውን ይመዝግቡና ይድፈኑት። ስልክ አፕዴት ባደረገና አዲስ ዕቃ ቤት በገባ ቁጥር ይድገሙት።

ያም ሆኖ ልጁ ካየ

ያያል፤ ከጓደኛ ስልክም ቢሆን። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ የሚያደርጉት፣ ሌላ ጊዜ መጥቶ መንገሩንና አለመንገሩን ይወስናል። ስልኩን አይንጠቁ፣ አይጩኹ። ስክሪኑን ቀስ ብለው ያጥፉና «ምን አየህ? ከየት መጣ? አልቆጣህም፣ ንገረኝ» ይበሉት። ትንሽ ልጅ ከሆነ «ይሄ ለትልልቅ ሰው የተሠራ ነው፣ እውነተኛም አይደለም፤ ስላየህ ጥፋተኛ አይደለህም» ማለት ይበቃል። የፈራበትን ነገር ራሱ እስኪናገር ይጠብቁ፤ ያላየውን አይንገሩት። ስልኩን ለአንድ ወር መቀማት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛ አለመናገርን።

ሰው የልጅዎን የራቁት ፎቶ አግኝቶ «ካልከፈልሽ እበትነዋለሁ» እያለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ጥብቅ ነው። ገንዘብም ተጨማሪ ፎቶም አይላክ፤ አንዴ የተከፈለው ይደግማል። ቻቱ አይሰረዝ፤ የሰውዬው ስምና የመለያ ስሙ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ይነሳ። ከዚያ አፑ ላይ ሪፖርት ይደረግ፣ ቀጥሎ ይታገድ፣ ለፖሊስ ይነገር። ፎቶውን ለማስረጃ ብለው ለዘመድ አያስተላልፉ፤ የልጅ ራቁት ምስል ማስተላለፍ በብዙ አገር በራሱ ወንጀል ነው። ምስሉ የተነሳው ከ18 ዓመት በታች ሳለች ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ራሱ ከስልኩ ሳይወጣ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ብቻ ወስዶ፣ በአገልግሎቱ የሚሳተፉ መድረኮች ምስሉን አግኝተው እንዲያነሱት ይረዳል፤ ስምም አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ልጅቷ አጠገባችሁ ትሁን፣ የሚደረገውን ትይ። ያን ሌሊት ብቻዋን አትደር።

ነገሩ ሲረጋጋ ወደዚያች የቆጠራ ወረቀት ተመልሰው በየትኛው ስክሪን፣ በማን አካውንት እንደገባ ይፈልጉና ያንን ቀዳዳ ይድፈኑ።